ስታዲየሙ ነው የራቀን እንጂ እኛ አልራቅነውም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ ወይ? እኔ ጋዜጣችሁን ከጀርባው የምጀምር ሰው ነኝ፣ ስፖርቱን ሳልጨርስ የፊቱን ገጽ ገልጬ አላውቅም። ሰሞኑን በዛው ገጽ ላይ የወጣች አንዲት ጽሑፍ ናት ብዕር ያስነሳችኝ፣ ብዕር ስል ያው ስልክ ነው። ወንድማችን ምን ይላል፣ የዘንድሮ ደጋፊ ስታዲየም መግባቱን ትቶ ቀኑን ሙሉ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ሲሰዳደብ ይውላል፣ ስታዲየሙ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው ይላል። አንብቤ ልተወው ነበር ግን ሌሊት ነቅቼ ብቻዬን ከሰውዬው ጋር ስከራከር ባለቤቴ ሰምታኝ "አንተ ሰውዬ ተኛ እንጂ፣ ጨዋታው አልቋል" አለችኝ፣ አላለቀም እኮ፣ ይኸው ጠዋት ተነስቼ እየጻፍኩ ነው። ፊደልና ነጥብ ከተሳሳትኩ እናንተ አርሙት፣ ሃሳቡን ብቻ እንዳትነኩብኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ታህሳስ 1980 ሴካፋ፣ የምስራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጅቶ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተን ዋንጫውን ስንወስድ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመግቢያ ሳንቲም ስላልነበረኝ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ስር ተደፍቼ ነው የስፖርት ጋዜጠኛውን ደምሴ ዳምጤን የሰማሁት፣ የሰውዬው ድምፅ ሲንቀጠቀጥ እኔም አብሬ እየተንቀጠቀጥኩ። በዛው ሳምንት የሂሳብ ደብተሬን ከኋላ በኩል ገልብጬ ውጤቱንና ያገባውን ሰው ጻፍኩ፣ አባቴ አይቶ በቀበቶ ነው ያናገረኝ፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ መጻፍ አላቆምኩም። አሁን ዘጠኝ ደብተር አለኝ። ክለቤ ኢትዮጵያ ቡና ነው፣ ይሄን ሰምቶ የሚስቅ የተቀናቃኛችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ካለ ይሳቅ፣ ፕሪሚየር ሊጉን አንዴ ብቻ በ2003 ነው የበላነው፣ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ፣ ያቺን አንዷን ግን ቀለሟ እንዳይለቅ በላስቲክ ሸፍኜ ነው ያስቀመጥኳት። ደግሞ በ1990 የግብጹን አል አህሊን ከአፍሪካ ውድድር ያስወጣነውስ? እሱን ማንም አያነሳም።

እና አዲስ አበባ ስታዲየም ለኔ ምን እንደነበረ ለጸሐፊው ልንገረው፣ ወጣት ይመስለኛል። የመቀመጫ ቦታዎቹን ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ እያልን ስንጠራቸው የሰፈር ስም ነው የሚመስሉት፣ እውነትም ሰፈር ነበሩ። አጠገቤ ለሃያ ምናምን ዓመት የተቀመጠ ሰው አለ፣ እስከዛሬ የአባቱን ስም አላውቅም፣ "ሶፍት" ነው የምንለው፣ ቡና ሲሸነፍ ስለሚያለቅስ። ኦቾሎኒውን እኩል ነበር የምንካፈለው። አንዱ ልጅ ተነስቶ አጥቂውን የሚሰድበው ስድብ ከመረረ ከኋላ ያሉት አባት "አንተ ልጅ፣ እናቱ እዚህ ብትኖርስ?" ይሉታል፣ ልጁ ቁጭ ይላል፣ አለቀ። ሕግ የለ ፖሊስ የለ፣ የሽማግሌው አይን ይበቃ ነበር።

ከዛስ ምን ሆነ? 2012 ላይ ኮሮና መጣ፣ ሊጉ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ፣ ደብተሬ ላይ የዛ ዓመት ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። በ2013 ሲመለስ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ሆኖ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው እየተጫወቱ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱበት ነገር ሆነ። አዲስ አበባ ስታዲየም ደግሞ ደረጃውን አያሟላም ተብሎ እድሳት ገባ። ዓመት ዓመትን ወለደ። ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ሁሉም ሸጋ ከተማ ነው ምንም አልልም፣ ግን ቡና በሥራ ቀን ድሬዳዋ ላይ ሲጫወት እኔ አዲስ አበባ ያለሁ የመጋዘን ሠራተኛ አለቃዬን ምን ብዬ ነው የማስፈቅደው? አያቴ ስንቴ ይሞታሉ? ብሔራዊ ቡድኑማ ጭራሽ በየሰው አገር ነው "በሜዳችን" የሚጫወተው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንባት ያቺ ጨዋታ የኛ ሜዳ ተብላ የተደረገችው የት ነው፣ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ እኔ የት ነበርኩ፣ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ውስጥ ቦታ ስለጠፋ ጎሉን በሰው ትከሻ ላይ ነው ያየሁት። እና ስታዲየም መግባት ትታችኋል ይለናል ወንድማችን። ፓስፖርት ይስጠን እንጂ እንገባለን።

እንግዲህ ስልክ ላይ የገባነው እንዲህ ሆኖ ነው። ግሩፑን የከፈተው ሶፍት ነው፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ። መጀመሪያ አስራ አንድ ነበርን፣ ልክ እንደ ቋሚ ተሰላፊ፣ አሁን ወደ ሶስት መቶ እንጠጋለን። ቡና ብቻ አይደለም፣ ጊዮርጊስም አለ መድንም ሀዋሳም አለ፣ ያለ ተቃራኒ ምን ጨዋታ አለ። ጸሐፊው ቢገባ ደስ ይለኛል፣ አንድ ቀን ሙሉ ቢውል ምን እንደሚያይ ልንገረው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አለ እሱ ነው ግሩፑን የሚከፍተው፣ ገና ተራ እየጠበቀ "እንደምን አደራችሁ ከጊዮርጊሶች በስተቀር" ይላል፣ በየቀኑ ይችኑ ነው የሚጽፈው ግን በየቀኑ ሰው ይስቃል። አንድ የጊዮርጊስ አባት አሉ፣ እሳቸው ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፣ "1928" ብለው ይጽፋሉ፣ በቃ ቁጥሩን ብቻ፣ ክለባቸው የተመሠረተበትን። ከዛ እስከ ምሳ ሰዓት የአርሴናልና የማንቼ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ ይሰለቸኛል። ልጆቹ የእንግሊዝ ክለብ የታዳጊ ቡድን ግብ ጠባቂ ስም ያውቃሉ የቡናን ተመላላሽ አያውቁም። ግን ደግሞ ምን ላድርግ፣ የኔ ልጅ ራሷ አርሴናል ናት፣ ቤት ውስጥ ያላሸነፍኩትን ግሩፕ ላይ አላሸንፍም።

ከምሳ በኋላ ግን የኔ ሰዓት ነው። "ጋሼ ደብተር አሉ?" ይላሉ፣ ስሜ እሱ ሆኗል። አንድ ሰሞን ለምሳሌ በአንድ የውድድር ዓመት ብዙ ጎል ያገባው ማነው ተብሎ ሶስት ቀን ተጮኸ። አንዱ ጌታነህ ከበደ ነው አለ፣ በ2009 ለደደቢት 25። ሌላው ዮርዳኖስ ዓባይ ነው አለ፣ በ1993 ለመብራት ኃይል። የኛዎቹ ቡናዎች ደግሞ አቡበከር ናስር አቡበከር ናስር እያሉ ስቲከር ያዘንባሉ። ደብተሬን አወጣሁ፣ መነጽሬን አደረግሁ፣ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ፣ ዮርዳኖስ 24፣ ጌታነህ 25፣ አቡበከር በ2013 ላይ 29። ቡናዎች ጨፈሩ። ወዲያው አንድ የጊዮርጊስ ልጅ "ጋሼ 2013 ላይ ሊጉ ውስጥ የነበሩት 13 ክለቦች ናቸው፣ የትግራይ ክለቦች አልነበሩም፣ የቀለለ ሊግ ነው" አለ። ጥሩ ክርክር ነው፣ አልናደድኩም። ግን እኔም መለስኩለት፣ 13 ክለብ ማለት እኮ አንድ ክለብ የሚጫወተው 24 ጨዋታ ብቻ ነው፣ ጌታነህ 25ቱን ያገባው 16 ክለብ በነበረበት 30 ጨዋታ በነበረበት ዓመት ነው፣ እንግዲህ ማነው የከበደው? ልጁ አስር ደቂቃ ቆይቶ "ቆይ ላስላው" ብሎ ጻፈ፣ ማታ ላይ ተመልሶ "ጋሼ እሺ ግን ተከላካዮቹ ይቀሉ ነበር" አለ። እስከዛሬ አልተስማማንም። ስድብ የታለ እዚህ ውስጥ?

ስድብ የለም አልልም ደግሞ፣ እንዳልዋሽ። አለ። በተለይ ክለብና ብሔር የተያያዘ ጊዜ አፍ ይበላሻል፣ ፌስቡክ ላይማ ኮመንት መክፈት ትቻለሁ፣ አንድ ኮርና ተሰጠ አልተሰጠ ተብሎ ተጀምሮ የሰው ዘር ማንዘር ይቆጠራል፣ በስማቸው የማይጽፉ ሰዎች ናቸው ደግሞ፣ ፎቶአቸው አንበሳ ነው ወይ የሜሲ ነው። ስታዲየም ላይ የሽማግሌው አይን ነበረ አልኳችሁ አይደል፣ ስልክ ላይ አይን የለም። ስለዚህ እኛ ግሩፕ ላይ ሶፍት ሕግ አወጣ፣ ብሔር የጠራ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ እናት የጠራ አንድ ሳምንት ዝም ይባላል። አንድ በጣም የምወደው ልጅ፣ የኳስ አይን ያለው፣ በዚህ ወጣ። ሶስት ሳምንት ቆይቶ ለሶፍት በቮይስ "ጋሼ ተናድጄ ነው፣ እናቴም ሰምታ ቆጣችኝ" ብሎ ላከ። ሶፍት ቮይሱን ለሁላችንም አሰማን፣ ልጁ ሲመለስ ያ 1928 የሚሉት አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁጥር ውጪ የሆነ ነገር ጻፉ፣ "ግባ ልጄ" አሉት።

ሌላው የሚያናድደኝ ቤቲንጉ ነው። ይሄ ግን የስልክ ጥፋት ነው የሰፈሩ ጥፋት ነው አላውቅም። ድሮ ሰው ኳስ አይቶ ሲመጣ "ማን ጥሩ ተጫወተ?" ነበር የሚባለው፣ አሁን "ትኬትህ እንዴት ሆነ?" ነው። ቅዳሜ ማታ ግሩፑ ውስጥ የሚገባው የጨዋታ ወሬ አይምሰላችሁ፣ የትኬት ፎቶ ነው፣ አስራ አራት ጨዋታ ደርድሮ አስራ ሶስቱ ገብቶለት በአንዷ የተበላ ልጅ ለቅሶ ነው። ስሟን የማያውቃት የቱርክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ናት ያበላሸችበት። አንዱን "ለመሆኑ ጨዋታውን አየኸው?" ብለው "ጋሼ ምን አገባኝ ጨዋታው፣ እኔ ከ2.5 በላይ ነው ያልኩት" አለኝ። ሁለት ተኩል ጎል! እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ ግማሽ ጎል አይቼ አላውቅም። ሶፍት አሁን ትኬት የሚለጠፍበት ለብቻው ግሩፕ ከፍቶላቸዋል፣ እዛ ይልቀሱ።

የውሸት ወሬውስ? እሱንም እኛው ነን የምንታገለው። አንድ ቀን አንድ ፔጅ ላይ የድሮ ተጫዋች አረፈ ተብሎ ፎቶው ከሻማ ጋር ተለጠፈ፣ ግሩፑ "ነፍስ ይማር" በ"ነፍስ ይማር" ሆነ፣ እኔም ደብተሬን ገልጬ ያገባቸውን ጎሎች መዘርዘር ጀመርኩ እያለቀስኩ። ከዛ አንዱ አባል ሰፈሩ ስለሆነ ሮጦ ሄደ፣ ሰውዬው ሽንኩርት እየገዛ ነው። "ስንት ጎል አሉኝ?" ብሎ ጠየቀው አሉ፣ ቁጥሩን ሲነግረው "ሁለት ቀንሰውብኛል" አለ። ከዛን ቀን ጀምሮ ግሩፑ ላይ አዲስ ወሬ ያመጣ ሁሉ የሚባለው አንድ ቃል ነው፣ "ምንጭ?" ዝውውር ይሁን ሞት ይሁን ምንጭ። እናንተም ጋዜጠኞቹ አንዳንዴ ይሄን ጥያቄ ብትጠያየቁ ክፋት የለውም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አምና አንድ ዝውውር ከዛው ከፔጅ ቀድታችሁ አውጥታችሁ ነበር፣ እኛ ከሶስት ቀን በፊት ውሸት መሆኑን አጣርተን ጥለነው ነበር።

እኔ ራሴም ተሳስቼ አውቃለሁ፣ እና እሷን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ቤይሩት ያለች አንዲት ልጅ አለች፣ የሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ቡና ነበር አሉ፣ በልጅነቷ ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር የሚያስገባት። ማታ ማታ ነው የምትገባው፣ እመቤቷ ከተኙ በኋላ፣ በሹክሹክታ ነው ቮይስ የምትልከው፣ ስልኩን ጆሮህ ላይ ካልለጠፍክ አይሰማም። አንዴ እኔ ስለ 2005 እያወራሁ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስላለፍንባት ቀን፣ ጥቅምት 4፣ ካታንጋ ነበርኩ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ተሰልፌ፣ አዳነ ግርማ ሲያገባ ከፊቴ ያለው ሰው ጫማ የት እንደገባ አልታወቀም፣ ሳላዲን ሰይድ ሲደግም የኔም ጠፋ። ይሄን ሁሉ በስሜት ጻፍኩና "ሱዳን ላይ 5 ለ 2 ተሸንፈን መጥተን" አልኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቮይስ መጣ፣ ሹክሹክታ፣ "ጋሼ ይቅርታ፣ 5 ለ 2 ቢሆን 2 ለ 0 መቼ ያሳልፈን ነበር፣ 5 ለ 3 ነው፣ ከሜዳ ውጪ ባገባናት ጎል ነው ያለፍነው።" ደብተሬን ገለጥኩ። 5 ለ 3 ነው። በገዛ እጄ የጻፍኩትን ረስቼ! እሷ ያኔ ተማሪ ነበረች፣ ስታዲየም አልገባችም፣ በአባቷ ሬዲዮ ነው የሰማችው።

ይቺ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀች አንድ ቀን። ከኛ ውስጥ አንድ አናጢ አለ፣ እንደምንም ብሎ ቡና የሚጫወትበት ከተማ የሚሄድ፣ በአይሱዙም ይሁን በምንም። ሀዋሳ ሄዶ ከስታዲየም ውስጥ ፎቶ ሲልክ እሷ "ፎቶውን ተወው፣ የዘፈኑን ድምፅ ብቻ ላክልኝ" አለችው። ስልኩን ወደላይ ይዞ የደጋፊውን ዝማሬ ለአራት ደቂቃ ቀድቶ ላከ። ከበሮው ይሰማል፣ ሻጩ "ሶፍት ማስቲካ" ሲል ይሰማል፣ አንዱ አጥቂውን ሲቆጣ ይሰማል። ከሶስት መቶው ሰው ማንም ምንም አልጻፈም ለብዙ ሰዓት። አሁን ልማድ ሆኗል፣ አናጢው በሄደ ቁጥር ድምፅ ይልካል፣ ከአገር ውጪ ያሉት፣ ጅዳ ያለው ሾፌር፣ ዋሽንግተን ፓርኪንግ የሚሠራው፣ እሱን እየጠበቁ ነው የሚያድሩት። የዋሽንግተኑ መኪናው ውስጥ ከፍቶት እንደሚሰማ ነግሮናል፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው "ጠብ ነው እንዴ?" ብሎ ደንግጦበታል።

ወንድማችን ስታዲየሙ ባዶ ነው ያለው ልክ ነው፣ በቴሌቪዥንም ይታያል፣ ሁለት ክለብ ከሁለት ከተማ መጥቶ ሶስተኛ ከተማ ላይ ይጫወታል፣ የማን ደጋፊ ይምጣ? በ2016 ንግድ ባንክ በ2017 መድን ዋንጫ ሲበሉ ልጆቹ ግሩፕ ላይ "ደጋፊ የሌለው ክለብ በላ" ብለው አላገጡ፣ እኔ ግን አላገጥኩም፣ ተጫውተው ነው የበሉት። የሚያሳዝነኝ ግን ደጋፊ ያለውም የሌለውም እኩል የሆነበት ሊግ መሆኑ ነው፣ አርባ ሺህ ሰው የሚዘምርለትም አስራ ሁለት ዘመድ የሚመጣለትም ባዶ ወንበር ፊት ነው የሚጫወቱት። የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ፣ ሸገር ደርቢ፣ ከሸገር ውጪ ሲደረግ ማየት ምን ይባላል፣ ሠርግ በሰው ቤት። እና የቀረውን ጩኸታችንን ስልክ ላይ ብንጮህ ይፈረድብናል?

አሁን ወደ ልመናዬ። ዝግጅት ክፍሎች፣ የስፖርት ገጻችሁ ሁለት ሶስተኛው የእንግሊዝ ዝውውር ነው፣ እሱን እናንተ ከማተማችሁ ከአራት ቀን በፊት ልጆቹ ጨርሰውታል። እሱን ቀንሱና የሊጉን ውጤት በሙሉ አውጡልኝ፣ ውጤት ብቻ ሳይሆን ማን በስንተኛው ደቂቃ አገባ፣ ማን ተሰለፈ፣ ማን ተቀየረ። አንድ ቢጫ እንኳን ብትዘልሉ ደብተሬ ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል፣ ፔጅ ላይ ያለውን ደግሞ አላምንም፣ ምንጭ የለውም።

ሁለተኛው የግል ነው። አራተኛ ደብተሬን ዝናብ ገብቶበት የ1993 የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ተበላሽተዋል፣ ቀለሙ ወርዶ ሰማያዊ ኩሬ ነው የሚመስለው። ዮርዳኖስ 24 ማግባቱን አውቃለሁ፣ የመጨረሻዎቹን ግን በማን ላይ በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባቸው ጠፍቶብኛል፣ ያ የጊዮርጊስ ልጅም "ጋሼ ዝርዝሩን ካላሳዩኝ አላምንም" ብሎ ይዞኛል። ማህደራችሁ ውስጥ ወይም ከአንባቢዎቻችሁ ቤት፣ ቁም ሳጥን ስር፣ ሻንጣ ውስጥ የተነጠፈም ቢሆን፣ የዛን ጊዜ ስፖርት ገጽ ያለው ሰው ካለ ፎቶ አንስቶ ለዝግጅት ክፍሉ ቢልክልኝ ውለታውን አልረሳም። ጊዮርጊስ ቢሆንም ችግር የለውም።

አክባሪያችሁ፣
የቡናው ጋሼ ደብተር፣ ከአዲስ አበባ